ለንጉሡ የሚወድቀው ሰው

በእኛ አገር የሞተ ንጉሥ የሚቀበረው አዲስ ንጉሥ ሲገኝ ነው። አዲሱ ዘውድ ሊጭን ወደ ክራኮቭ ሲወጣ አሮጌውን ከፊቱ አስቀድሞ ይሸኛል፤ መጀመሪያ ቀብር፣ ከዚያ ዘውድ። አዲሱ ካልተገኘ አሮጌው ይጠብቃል። ይህን የደነገጉ አባቶቻችን መኳንንቱ ቶሎ የሚስማሙ መስሏቸው መሆን አለበት።

የእኛ ንጉሥ ጠበቀ። ዋርሶ ላይ፣ ከቪስዋ ወንዝ አፋፍ ወዳለችው ትንሽ ገዳማችን አመጡትና ሣጥኑን በግራ በኩል ባለው ጸሎት ቤት ከመደብ ላይ አስቀመጡት። "ለጥቂት ሳምንት ነው፣ አባ" ብለው ለአለቃችን ለአባ ማካሪ አደራ ሰጥተው ሄዱ። እኔ የገዳሙ ሻማ አብሪ ነኝ። በሣጥኑ ራስጌና ግርጌ መብራት እንዳይጠፋ የምጠብቀው እኔ ነበርሁ፤ መነኮሳቱ ጸሎታቸውን አድርሰው ሲወጡ እኔ ሥራዬ እዚያው ስለሆነ እቀራለሁ።

ከሣጥኑ ጋር የመጡት ሁሉ ሲመለሱ አንድ ሰው አልተመለሰም። ዝቢሉት ይባላል። ከንጉሡ ክንፋም ፈረሰኞች አንዱ ነበር፤ በጀርባቸው የንስር ላባ ተክለው ሲጋልቡ ላባው እንደሚመጣ ዝናብ ያጓራል። ትከሻው ሰፊ፣ ጢሙ ከአገጩ በታች የወረደ፣ መልኩም ቁርጥ ንጉሡን ነው። ሣጥኑን ሊሳለሙ የሚመጡ ባልቴቶች አጠገቡ ቆሞ ሲያዩት አማትበው ወደ ኋላ ይሸሻሉ።

"አይዟችሁ እናቶቼ፣ እኔ ያልሞትሁት ነኝ" ይላቸው ነበር።

በመጀመሪያው ቀን እኔን ጠራኝ።

"አንተ፣ ማነው ስምህ?"

"ኦኑፍሪ፣ ጌታዬ።"

"ኦኑፍሪ፣ የሻማህ ጢስ ወደ ፊቱ እየሄደበት ነው።"

"ሣጥኑ ዝግ ነው እኮ፣ ጌታዬ።"

"ዝግ ቢሆንስ? ጢስ ከሸተተው ጦር ሜዳ ያለ ይመስለዋል። እንዴት ብሎ ያርፋል?" ከዚያም ሻማውን በገዛ እጁ አራቀው። "ደግሞ ጌታዬ አትበለኝ። እዚህ ሣጥን ፊት ጌታ አንድ ነው።"

ስሙን ብቻ ልጠራው ግን አፌ እምቢ አለኝ። አያ ዝቢሉት አልሁት፤ በዚያው ጸና።

ለምን እንደቀረ ያወቅሁት ቀስ በቀስ ነው። ትልቅ ሰው ሲቀበር የሟቹን ጥሩር፣ ያን የብረት የጦር ልብስ፣ የለበሰ፣ በመልክ የሚመስለው ሰው በፈረስ ተቀምጦ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ይገባል። ጦሩን ከሣጥኑ መደብ አላትሞ ይሰብራል። ከዚያ ከነጥሩሩ ከፈረሱ ይወድቃል። ያ የብረት ድምፅ እስኪሰማ ድረስ የሚያለቅስ የለም፤ ሲሰማ ልቅሶው ይፈነዳል፤ ሰውየው ሞተ የሚባለው ያን ጊዜ ነው። ለንጉሣችን የሚወድቀው ዝቢሉት ነበር። ንጉሡ ራሱ መርጦታል።

ወሬውን የሚያወራኝ ክር ስቆርጥ፣ ሰም ስፍቅ፣ ከሣጥኑ ጎን በርጩማ ላይ ተቀምጦ ነው። እኔ መስማት አይሰለቸኝም። እሱም ለእኔ እያወራ ዐይኑ ወደ ሣጥኑ ነበር፤ ተሳሳትህ የሚለው ካለ ያርመው ይመስል።

"ንጉሡ የድንበር ልጅ ነው" አለኝ። "የአባቱ ምሽግ የእንጨት ነው፤ ከማዶ የታታር ሜዳ። ሌላው ልጅ በራሱ ጉልበት ሲድህ እሱ በፈረስ እግር ሄደ። ታላቅ ወንድሙን ታታሮች ማረኩት። እናትየዋ ከዚያ ወዲያ በምሥራቁ መስኮት ተቀምጣ መንገድ መንገድ ስታይ ኖረች፤ ትንሹም ከጎኗ ቁጭ ብሎ አብሯት ያያል። ጦርነት የተማረው እዚያ መስኮት ላይ ነው። አቧራ ሲነሣ የከብት ይሁን የፈረሰኛ በቀለሙ ይለይ ነበር።"

"ወንድሙ ተመለሰ?"

"የት ተመልሶ! ግን ይኸውልህ፣ ንጉሥ ሆኖም ምሥራቅ የሚያይ ክፍል ካልሆነ አይተኛም ነበር።"

ከስዊድኖች ጋር በክረምት ሲዋጉ የፈረሶቹን ሰኮና በገለባ አስጠቅልሎ በረዶ የሆነውን ረግረግ እንዴት ድምፅ ሳያሰማ እንዳሻገራቸው ነገረኝ። ስዊድኖቹ ገንፎ እየጠበቁ ነበር፤ ማንኪያ በእጃቸው እንደያዙ ተማረኩ። ከዚያ የጦር አዛዥ ሆነ። የቀድሞው ንጉሥ ሲሞት ባላባቱ ሁሉ በየፈረሱ ሆኖ ከዋርሶ ውጭ ሜዳው ላይ ሲሰበሰብ፣ ፈረንሳዩን እንምረጥ፣ ጀርመኑን እንምረጥ ሲባል፣ ወታደሩ የእሱን ስም ጮኸ። "ጮኼ ጮኼ ጉሮሮዬ ደም ተፋ" አለ ዝቢሉት። "ሦስት ቀን በእጄ ምልክት ነበር ጠጅ የማዝዘው። ደግነቱ ለጠጅ ምልክት አይጠፋም።"

ደጋግሞ የሚያወራው ግን የወንዙን ጦርነት ነው።

"ቱርኮች እንደ ጉንዳን ፈሰዋል። እኛ እፍኝ ነን። በዋዜማው ጠራኝና ጥሩሩን አውልቆ ሰጠኝ። 'ዝቢሉት፣ ነገ ንጉሡ አንተ ነህ፤ ኮረብታው ላይ ወጥተህ ታይ' አለኝ። 'ከዚያስ?' አልሁት። 'ከዚያማ ሊገድሉህ ይመጣሉ' ብሎ ሣቀ።"

"አልፈራህም፣ አያ ዝቢሉት?"

"እንዴት አልፈራም! ግን የንጉሥ ጥሩር ለብሰህ መንቀጥቀጥ አትችልም፤ ብረቱ ያሳብቅብሃል።"

ቱርኮቹ ንጉሡን ያዝን ብለው ወደ ኮረብታው ግር ሲሉ እውነተኛው ንጉሥ በተራ ፈረሰኛ ልብስ፣ ክንፋሞቹን አስከትሎ ከጫካው በጎናቸው ወጣ። እስከ ማታ ወንዙ በጥምጣም ተሸፈነ። ዝቢሉት ዳሌው ላይ ጦር ተሰክቶበት ድንኳን ውስጥ ተኝቶ ሳለ ንጉሡ ገባ። "ዛሬ እኔን ሆነህ ዋልህ" አለው። "ስሞትም እኔን የምትሆነው አንተ ነህ። ሌላ ሰው እንዳይወድቅልኝ።" ዝቢሉትም ማለ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ቶሎ ቶሎ ነበር የሚያወራው። ንጉሡ አረጀ። ለመጨረሻው ዘመቻ ጉባኤውን ስንቅ ለመነ። ከወደ ኋላ አንድ ባላባት ተነሥቶ "አልፈቅድም" አለ። እኛ ዘንድ አንዱ አልፈቅድም ካለ ጉባኤው ፈረሰ ማለት ነው፤ ስንቱን ያሸነፈ ንጉሥ ያችን ቃል የሚያሸንፍበት ጦር የለውም። ያለ ስንቅ ዘመተ፤ ዝናብና ረኃብ ወንዝ ሳያሻግሩት መለሱት። እግሩ በሪህ አበጠ፤ ፈረስ ላይ ዳግመኛ አልወጣም።

"በኮርቻ ላይ መሞት ነበር የሚመኘው" አለኝ ዝቢሉት። "የሞተው በላባ ፍራሽ ላይ ነው፤ ሾርባ እያጎረሱት። ገባህ ኦኑፍሪ? አልወደቀም እኮ! ወታደር ሳይወድቅ እንዴት ያርፋል? ስለዚህ እኔ እወድቅለታለሁ። ድምፁን ይሰማና ይተኛል።"

ጥቂት ሳምንት የተባለው ዓመት ሆነ፤ ዓመቱም ሌላ ዓመት ወለደ። በጋ በመጣ ቁጥር ባላባቱ ሜዳው ላይ ይሰበሰባል፤ ይበላል፣ ይጠጣል፣ ጎራዴ ይማዘዛል። እኛም ከገዳሙ ግንብ ላይ ሆነን አቧራውን እናያለን። ዝቢሉት ጥሩሩን አውጥቶ በዘይትና በአመድ ይወለውላል። ከዚያ አንዱ "አልፈቅድም" ይላል፤ ሁሉም ወደየቤቱ ይሄዳል። አንድ ጊዜ ተስማሙ ተብሎ ደወል ተደወለ፤ ለካ ግማሾቹ አንድ፣ ግማሾቹ ሌላ ንጉሥ መርጠው ነው። ሁለቱ ንጉሦች አምስት ክረምት ተዋጉ። ሁለት ንጉሥ ሲኖር፣ የሞተውን ሊቀብር የመጣ አንድም አልነበረም።

አባ ማካሪ ደግ ሰው ናቸው፤ ግን ያች ጸሎት ቤት የሕፃናት መጠመቂያ ነበረች፤ ጠበበቻቸው። "ኦኑፍሪ" ይሉኛል፣ "ይህ ንጉሥ በሕይወቱ አንድ ሰፈር ሁለት ሌሊት አያድርም ነበር ይሉናል። ምነው እኛ ላይ ሲሆን ድንኳን ተከለ?"

ዝቢሉት ከሰማቸው "አባ፣ ከእርሱ በላይ እኔ ቸኩያለሁ" ይላቸዋል። እውነቱን ነበር። ዳሌው በየክረምቱ ይደርቅ ጀመር።

የዝቢሉት ሴት ልጅ ሄልሽካ መከር በገባ ቁጥር ከመንደር ትመጣለች፤ ባሏ የሞተባት፣ አንደበቷ ስለታም፣ እጇ ለጋስ። የደረቀ እንጉዳይና የተጨሰ ሥጋ ትይዛለች፤ በጾም ከመጣች የጨው ዓሣ። አንድ መከር ስትመጣ አባቷን ከጸሎት ቤቱ አጣችው። እኔ ወደ ፈረስ ጋጣው ወሰድኋት። ዝቢሉት በገዳሙ የጭነት ፈረስ ላይ ተቀምጦ ወደ ጭድ ክምር ይወድቅ ነበር። ይወድቅና ይነሣል፤ እንደገና ይወጣል።

"አባባ!" አለች። "በዚህ ዕድሜ ሞት ይለማመዳሉ? ሌላው ሰው ሳይለማመድ ይችለው የለ?"

"መውደቅ ቀላል መሰለሽ? በግራ ከወደቅሁ እግሬ እርካቡ ውስጥ ይቀራል። በቀኝ ከወደቅሁ ዳሌዬ።"

"ታዲያ በየት ሊወድቁ ነው?"

"በፊት" አለና ጭዱን ከጢሙ አራገፈ።

ያን ቀን ተንበርክካ ለመነችው። የቤታችን ጣራ ያፈሳል፣ እርሻውን ጎረቤት በየዓመቱ በትልም በትልም እየገፋው ነው፣ ወንድ ሲጮህበት እንጂ ሴት ስትጮህበት አይሰማም፣ ይምጡልኝ አለችው። ዝቢሉት ፀጉሯን ዳበሰና "እቀብረውና እመጣለሁ" አላት። ሁልጊዜም የሚላት ይህንኑ ነው። ወጥታ ከበሩ አጠገብ ስታለቅስ አገኘኋትና እንጸልይ አልኋት።

"እኔ የምጸልየው ንጉሥ እንዲገኝ ነው" አለችኝ። "ሌባም ይሁን፣ ሰካራምም ይሁን። ብቻ ይገኝ።"

ተገኘ። አንዱ ንጉሥ ሞተ፤ ሌላው፣ ቋንቋችንን የማያውቀው፣ ቀረ፤ ባላባቱም ከድካም የተነሣ ዝም አለ። ዘውዱ ለጥር ሆነ። የሥርዓቱ አለቃ ጌታ ላሶታ ሣጥኑን ሊረከቡ መጡ፤ ጓንታቸውን ሳያወልቁ የሚሳለሙ፣ ቀጭን፣ ሥራቸውን የሚያውቁ ሰው። የሚወድቀውን ሰው ከአንድ ታላቅ ቤት መርጠው ነበር፤ ወጣት ነው፣ በሦስት ቀብር ላይ በሚገባ ወድቋል።

ዝቢሉት ፊታቸው ቆሞ ባላባት ባላባትን እንደሚጠራው ጠራቸው። "ጌታ ወንድሜ፣ ተራው የእኔ ነው። ንጉሡ በቃሉ ሰጥቶኛል።"

ላሶታ ቀና ብለው አዩት፤ ከዚያ በሣጥኑ ራስጌ የተሰቀለውን የንጉሡን ሥዕል፤ እንደገና እሱን። ለቅጽበት ደነገጡ።

"ፊትህስ ንጉሡ ነው፣ ጌታ ወንድሜ" አሉ። "ዳሌህ ግን የማን ነው?"

"ዳሌዬም ለእሱ የቆሰለ ነው።"

"ከታችኛው ከተማ ኮረብታው ላይ እስካለው ቤተ ክርስቲያን ድረስ መንገዱን ሁሉ ተቀምጠህ ትዘልቃለህ?"

"እዘልቃለሁ።"

ላሶታ ትንሽ አሰቡና እሺ አሉ፤ ሕዝቡ ያንን ፊት ሲያይ የሚሆነውን አስበው ይመስለኛል። "ብቻ ያለ ቦታው እንዳትወድቅብኝ" አሉት። "ንጉሥ ገበያ መሐል፣ ጎመን ሻጮች ፊት አይወድቅም።"

እኔም ከሣጥኑ ጋር ሻማ ያዥ ሆኜ ወደ ክራኮቭ ሄድሁ። ሄልሽካም መጣች። በቀብሩ ማለዳ አንድ ጋጣ ውስጥ እኔና እሷ ጥሩሩን አለበስነው። ፈረሱ ላይ ስንጭነው ግራ እግሩ ኮርቻውን አልጨብጥ አለ፤ እንደ ሙት ሰው እግር ተንጠለጠለ። ፊቱ ላይ ላብ ወጣ።

"እሠሩኝ" አለ።

"አባባ!"

"እዚያ እስክደርስ ነው። ጭኔን ከኮርቻው ጋር እሠሩኝ፤ ከካባው ሥር ማን ያያል? የቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ትፈቺኛለሽ። ከዚያ ወዲያ ያለውን ምድር ራሷ ትስበኛለች።"

ሄልሽካ የቃጫ ገመድ አመጣች። አንዱን ጫፍ ስትስበው የሚለቀቅ ቋጠሮ አድርጋ፣ አንዴ ፈትታ አሳየችው፣ እንደገና ቋጠረችው። "ከጎንዎ አልለይም" አለችው። ልቤ አልወደደውም። ግን እግሩን ዐይቻለሁ፤ ሌላ መላም አላየሁም።

መንገድ እንደጀመርን ዝናብ መጣ። ጥር ላይ በረዶ እንጂ ዝናብ የሚጠብቅ የለም። ዝቢሉት በዚያ ዝናብ ውስጥ እንደ ሐውልት ቀጥ ብሎ አለፈ። ገበያው ደረስን። ጎመን ሻጮቹ ባርኔጣቸውን ያወለቁት ለሣጥኑ አልነበረም፤ ለፊቱ ነው። አንዲት አሮጊት "ይኸው፣ ይኸው ልጄን ያዘመተው!" ስትል ሰማሁ፤ ርግማን ይሁን ምርቃት አልለየሁትም።

እኛ ሻማ ያዦች ቀድመን ገባን። ከመደቡ በስተቀኝ አቆሙኝ፤ ሣጥኑን አስቀመጡት፤ በላዩ ዘውዱንና ጎራዴውን አኖሩ። ከእኔና ከመተላለፊያው መሐል ባላባቱ ትከሻ ለትከሻ ገጥሞ ቆሟል። በእጄ ቁመቴን የሚያክል የሚነድ ሻማ አለ። በሩ ተከፈተ፤ አንገቴን አስግጌ ሄልሽካን ፈለግሁ። የአዲሱ ንጉሥ ዘበኞች ደጃፉ ላይ ጦራቸውን አመሳቅለውባታል። እጇን እየዘረጋች ትናገራለች፤ እነሱ ቋንቋዋን አያውቁም። ፈረሱ ከእሷ አለፈ።

ፈረሱ ሰኮናው በድንጋዩ ላይ እየጮኸ መጣ። ዝቢሉት ጦሩን ዝቅ አድርጎ መደቡን መታ፤ ጦሩ ተሰበረ። ሁሉም ያን የብረት ድምፅ ይጠብቃል።

ዝቢሉት ወደ ግራ ዘመመ። አልወደቀም። ወደ ቀኝ ዘመመ። ወደ ፈረሱ አንገት ተደፋ፤ ገመዱ መልሶ አቀናው። እጁን ከካባው ሥር ሰደደ፤ ግን የብረት ጓንት ለብሷል፤ የብረት ጣት ደግሞ ዝናብ የጠጣ ቃጫ አይፈታም። ይህን ሁሉ የማውቀው እኔ ነበርሁ። ሌላው ሰው ያየው ንጉሡን ነው።

"እምቢ አለ" አለ ከፊቴ የቆመ አንድ ሽማግሌ ባላባት፣ በሹክሹክታ።

"ምን?"

"እምቢ አለ! አልሞትም አለ!"

ቃሉ ከአፍ ወደ አፍ ሄደ። "ገመድ ነው!" አልሁ። "ጌቶቼ፣ አሳልፉኝ፣ ገመድ ነው!" አንዱ "ሻማህን ያዝ፣ ካባዬን ልታቃጥል ነው?" ብሎ በክርኑ መለሰኝ። ደወለኞቹ ጦሩ ሲሰበር ደውሉ ተብለው ነበርና ያን ጊዜ ትልቁ ደወል ጀመረ። ዝቢሉትም አፉን ከፍቶ ሲጮህ አየሁ፤ ቁረጡልኝ ይላል፤ የሚሰማው ግን ደወሉ ነው።

ከዚያ ዐይኑ ጎራዴው ላይ ዐረፈ። ከሣጥኑ በላይ፣ ክንዱ ቢዘረጋ በሚደርስበት ቦታ። ዘረጋ።

እንዲያ ያለ ጩኸት ከዚያ በፊትም በኋላም አልሰማሁም። ሴቶቹ ከሰገነቱ ላይ "ጎራዴውን! ጎራዴውን ጠየቀ!" አሉ። ወንዶቹ ተንበረከኩ። አዲሱ ንጉሥ ከዙፋኑ ብድግ አለ። ዘበኞቹ ሮጡ፤ ስድስት ሆነው ያዙት፤ አንዱ ገመዱን ነካውና በቢላዋ ቆረጠው፤ ግን የአንድ ወገኑን ብቻ። ዝቢሉት በአንድ እግሩ ተንጠልጥሎ ከፈረሱ ሆድ ሥር ዞረ። ፈረሱ ደንግጦ ጎተተው፤ የራስ ቁሩ በድንጋዩ ላይ ተንኳኳ። ከወደ ኋላ ወጣት ባላባቶች ሣቁ። የተንበረከከውም፣ የሣቀውም ያየው አንድ ነገር ነው፤ እንዴት እንዲያ እንደሚሆን አላውቅም። ጳጳሱ ጸሎቱን ቀጠሉ። ምን ያድርጉ?

ወደ ዕቃ ቤት ተሸክመነው ገባን። ዘበኞቹ ሲለቋት ሄልሽካ እየሮጠች መጣች። ጥሩሩን ስናወልቅለት ጣራውን ያያል። አጥንቱ አልተሰበረም። ግንባሩ ደም ነበረው።

"ወድቀዋል፣ አባባ" አለችው። "ድምፁን ደጅ ድረስ ሰማሁት።"

"ኦኑፍሪ" አለኝ እሷን ትቶ። "አንተ አጠገቡ ነበርህ። ወደቅሁ ወይስ አወረዱኝ?"

እግዚአብሔር የሚያውቀው፣ ውሸት ፈልጌ ነበር። ምላሴ ላይ ግን አልመጣም።

"አወረዱኝ" አለ። "ንጉሥ ወረደ፣ ሲባል ምን ማለት እንደሆነ ታውቃለህ።"

ከወለሉ በታች ከባድ ድንጋይ ሲጎተት ተሰማ። ዝቢሉት በክርኑ ተደገፈ። "ሂድ፣ ቆዩ በላቸው! እንደገና ልግባ። አንድ ጊዜ ብቻ። ያለ ፈረስም ቢሆን፣ ከመደቡ ላይ እወድቃለሁ።" ሮጥሁ። ደረጃው ሥር ስደርስ ግንበኞቹ ድንጋዩን ገጥመው ኖራ እየለሰኑ ነው። ነገርኋቸው። አንደኛው ሥራውን ሳያቆም "ወንድሜ፣ የሚያዘን ጌታ ላሶታ ነው" አለኝ። ላሶታን ፈለግሁ፤ ዘውዱን ሊያዘጋጁ ሄደዋል። ተመለስሁ።

"ዘጉት?"

"ዘጉት፣ አያ ዝቢሉት።"

በማግስቱ ክራኮቭ ሁሉ ያን ያወራል። ንጉሡ አልሞተም፤ ጎራዴውን ሊያነሣ ሲል ባዕዳኑ ነጠቁት፤ አገር ሲጨንቃት ተመልሶ ይነሣል። ሄልሽካ ሰው የአባቷን ስም በክፉ አለማንሣቱ ደስ ብሏት ነበር። ዝቢሉት ግን ተነሥቶ አንካሳ እግሩን እየጎተተ ገበያ ወጣ።

"ስሙ! እኔ ነኝ። የታሠርሁት በገመድ ነው። ንጉሡ ሞቷል፤ ተዉት ይተኛ!"

"ኧረ ሽማግሌው ስንት ብርጭቆ ነው የጨለጡት?" አለች አንዲት ጎመን ሻጭ።

"ፊቴን እዪው! እኔ አይደለሁ?"

አየችው። ፊቷ ነጣ። ዘንቢሏን ጥላ ተንበረከከች፤ ከጎኗ ያሉትም ተንበረከኩ። አንዱ የካባውን ጫፍ ሳመ። ዝቢሉት ካባውን መንጭቆ ወደ እኔ ዞረ፤ እንዲያ ያለ ፊት ያየሁት በሰጠመ ሰው ላይ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ በሄደበት ሁሉ ፊቱን በሻርፕ ሸፈነ፤ በተሸፈነ ፊት ደግሞ ማንም አላመነውም።

ሄልሽካ ወደ ቤት ይዛው ስትመለስ ለጥቂት ቀን መንገዳችን አንድ ስለነበር በአንድ ጋሪ ሄድን። ዝቢሉት አይናገርም። በሁለተኛው ቀን ምሳ ሰዓት ከመንገድ ዳር አንዲት የመንገደኛ ማረፊያ ቤት ወረድን። ባለቤቷ ወፍራም፣ እጅጌዋን የሰበሰበች ሴት ናት፤ ኮምጣጣ የአጃ ሾርባ ከጥቁር ዳቦ ጋር አቀረበችልን። ከክራኮቭ እንደመጣን ስታውቅ ከአግዳሚው ጫፍ ተቀመጠች።

"እውነት ነው የሚባለው? እጁን ዘረጋ?"

ሄልሽካ አንገቷን ደፋች። እኔ ዳቦዬን ቆረስሁ። ዝቢሉት ሻርፑን ሳያወልቅ "እማማ፣ የሞተ ሰው እጅ አይዘረጋም" አላት። ድምፁ የዳኛ ነበር። የሚቀጥለውን ሊናገር ሲል ሴትየዋ ቀድማው ተናገረች፤ ለእሱ ሳይሆን ለራሷ ያህል።

"ልጄን ታታር የወሰደው ሁለቱ ንጉሦች ሲዋጉ በሦስተኛው ዓመት ነው። መልኩ እየጠፋብኝ ነበር። ዛሬ ጠዋት ወሬውን ስሰማ መልኩ መጣልኝ። ንጉሡ ሲነሣ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ምሥራቅ ነው፣ አይደለም? የእሱንም ወንድም እኮ የወሰዱት እነሱ ናቸው።"

ዝቢሉት ማንኪያውን አስቀመጠ። እኔ አየሁት፤ ሄልሽካም አየችው። ያን ሁሉ ገበያ የተጣላ ሰው፣ አንዲት ሴት ፊት ቁጭ ብሎ ሾርባው ይቀዘቅዝበታል።

"ደክሞታል፣ እማማ" አለ በመጨረሻ። "በጣም ደክሞታል።"

"ታዲያ ይረፍ" አለች ሴትየዋ፤ ተነሥታም በሳህኑ ላይ ትኩስ ሾርባ ጨመረችለት። "ሲያርፍ ይነሣል።"